የይርጋጨፌን ጠረን የሚበላ እሳት

ሲያትል ውስጥ ሶዶ የሚባል ሰፈር አለ፤ ከወላይታዋ ሶዶ ጋር ዝምድና የለውም። ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ያለ፣ መጋዘንና የባቡር ሐዲድ የበዛበት፣ ቀድሞ የባሕር ውሃ ገባ ወጣ የሚልበት ረግረግ ሆኖ ኋላ በአፈር የተሞላ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሲርስ የተባለው ኩባንያ በካታሎግ ለሚያዙ ደንበኞቹ ዕቃ የሚልክበትን ግዙፍ ሕንፃ እዚህ ሠራ። በ1990ዎቹ ሕንፃው የቡና ኩባንያው የስታርባክስ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ።

በዚያው በ1912 ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ኬሚስት አንድ አጭር ጽሑፍ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ግሉኮስና ግላይሲን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ሲያሞቅ ፈሳሹ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡኒ ሆነ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወጣው። ማያር ያሳሰበው ሰውነት ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ነበር። የገለጸው ግን የቡና ምጣድ ላይ በየቀኑ የሚሆነውንም ነበር።

ጥሬ ቡና ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲደረግ ነገሩ መጀመሪያ የውሃ ጉዳይ ነው። ፍሬው ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆን እርጥበት አለው፤ አብዛኛው እስኪተን ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። አረንጓዴው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሽታውም የደረቀ ሣር ይመስላል። ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ቡኒው መልክ በፍጥነት ይመጣል፣ ስሱ ልባስ ይራገፋል። ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ፍሬው ይንጣጣል፤ ውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ እየሰነጠቀው ነው። የምትቆላው ሴት እጇን የምታፈጥነው፣ እሳቱንም የምትቀንሰው ይኼኔ ነው።

ማያር ያየው ለውጥ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቷል። በ1925 ጣሊያናዊው ማሪዮ አማዶሪ ለመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ፍንጭ ሰጠ፦ የአሚኖ አሲዱ ናይትሮጅን ከስኳሩ ካርቦን ጋር ይጣበቃል፣ አንድ ሞለኪውል ውሃ ይወጣል፣ የተገኘውም ውሑድ አተሞቹን እንደገና ያደራጃል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር የተዘጋጀ የደረቀ ምግብ መጋዘን ውስጥ እየጠቆረ ጣዕሙ ሲበላሽ ጥናቱ ተፋፋመ። ቅርንጫፎቹን በ1953 በአንድ ሥዕል ያሰባሰበው ጆን ሆጅ ነው። ሆጅ ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ በሚገኝ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፤ ሥዕሉ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት አለ። ለማያር የተሰጠው ዝና ለሆጅም ቢደርሰው ፍትሐዊ ነበር።

የፍጥነቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እንዳስረዳው፣ ሞለኪውሎች ከመለወጣቸው በፊት የሚሻገሩት የጉልበት ደፍ አለ፤ ደፉ ከፍ ያለበት ለውጥ ሙቀት ሲጨመርለት ፍጥነቱ ደፉ ዝቅ ካለበት ይልቅ ይዘላል። ምጣድ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ለውጦች ይሽቀዳደማሉ፣ የየራሳቸውም ደፍ አላቸው። ስለዚህ አንዱ በኃይለኛ እሳት ቶሎ፣ ሌላው በለዘብተኛ እሳት ቀስ ብሎ አንድ ዓይነት መልክ ቢይዙም ጣዕማቸው አንድ አይሆንም። ከዚህም በላይ አንዳንዱ መዓዛ ራሱ አላፊ ነው፤ ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ሲቀጥል ደግሞ ይፈርሳል። ስኳሩ አስቀድሞ ያልቃል፣ ለአሲድነቱና ለመራራነቱ መነሻ የሚሆነው ክሎሮጄኒክ አሲድም ቡናው በጠቆረ ቁጥር ይሟጠጣል። በጣም የጠቆረ ቡና የየትም አገር ይሁን እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

ሶዶ ባለው ስታርባክስና በኢትዮጵያ መንግሥት መካከል በቡና ስሞች የተነሳው ጠብ በዚህ ዓይን ሲታይ ግራ ያጋባል። የስታርባክስ መሥራቾች ሙያውን የቀሰሙት በካሊፎርኒያዋ በርክሊ የቡና መደብር ከከፈተው ሆላንዳዊ ከአልፍሬድ ፒት ነው፤ ፒት የሚታወቀውም ቡናውን ጠቆር አድርጎ በመቁላት ነበር። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ ግን ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ነበር። በ2006 ማመልከቻውን ሳበ፤ ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት የጀመረው ዘመቻም ነገሩን የዓለም ወሬ አደረገው። በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተፈራረሙ።

ክርክሩን የመሩት ጠበቆችና የንግድ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ምጣዱን ያነሳ ብዙ አልነበረም። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ ያሰኘው የአበባና የሎሚ ጠረን ግን ከመጠን በላይ በቆየ እሳት ቀድሞ የሚሄደው ነው። ስሙን ለማስከበር የተከፈለው ድካም ትርጉም የሚኖረው ጠረኑ ሲኒው ድረስ ሲተርፍ ይመስላል። ስታርባክስ ብሎንድ ብሎ የሰየመውን፣ ፈዘዝ ብሎ የተቆላ ቡና ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው በጥር 2012 ነው፤ ምክንያቱን ሲገልጽም ከአገሩ ቡና ጠጪ 40 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለውን ይመርጣል አለ።