ባቡሩ ሲያመልጥ ቲኬቱም ያልፋልን? የመንገደኛው ቲኬትና የመነሻው ሰዓት ታሪክ

አንድ መንገደኛ ለጧቱ ባቡር ቲኬት ገዝቶ ሳለ በአንድ ምክንያት ዘግይቶ ከጣቢያው ደረሰ እንበል። ባቡሩ ሄዷል፤ ቲኬቱ ግን በእጁ ነው። በዚሁ ቲኬት ከቀትር በኋላ በሚነሣው ባቡር ሊሳፈር ይችላልን? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲታይ ለጣቢያው ሹምና ለቲኬት ተቆጣጣሪው የሚተው ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን፤ መልሱ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯልና። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። መንገደኛው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ምንድን ነው? ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የመሄድ መብት ነው ወይስ በታወቀ ቀንና ሰዓት በሚነሣ በአንድ ባቡር ላይ የተወሰነ ስፍራ?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በተለይ በእንግሊዝ አገር ታሪክ እንከታተላለን፤ ቀጥሎም ከፈረንሳይ፣ ከጃፓንና ከአገራችን ጋር እናስተያያለን። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ ይህ ነው፦ ቲኬት መጀመሪያ ከሰዓት ጋር የታሰረ ነበር፤ ቀጥሎ ተፈታ፤ በመጨረሻም እንደገና ታሰረ። በሦስቱም ጊዜ ማሰሪያው ይበልጥ የጠበቀው ጥቂት በሚከፍለው ሰው ላይ ነው።

፩. ከመዝገብ ወደ ካርቶን

በ1830 ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተዘረጋው የምድር ባቡር ሥራውን ሲጀምር፣ መንገደኛ የማጓጓዝን ልማድ የወረሰው በፈረስ ከሚጎተተው የሕዝብ ሠረገላ ነበር። ሠረገላው የሚይዘው ጥቂት ሰዎች ስለሆነ ጸሐፊው የመንገደኛውን ስም በመዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ መንገደኛውም ለዚያች ሠረገላና ለዚያች ሰዓት ብቻ የተመዘገበ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የባቡር ቲኬት መሸጫው ክፍል «ቡኪንግ ኦፊስ»፣ ማለት የመመዝገቢያ ቢሮ፣ ተብሎ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ የባቡር ቲኬቶችም ይህንኑ ልማድ ይከተሉ ነበር። ጸሐፊው መድረሻውንና የመነሻውን ሰዓት በእጁ በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ግማሹን ቀድዶ ለመንገደኛው ይሰጥ፣ ግማሹን በደብተሩ ያስቀር ነበር። በሌስተርና በስዋኒንግተን መካከል በተሠራው መሥመር ደግሞ ከናስ የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ለመንገደኛው ተሰጥቶ ከጉዞው በኋላ እየተመለሰ እንደገና ያገለግል ነበር።

ይሁን እንጂ ባቡር ሠረገላ አይደለም። የሊቨርፑልና የማንቸስተር መሥመር በ1831 ብቻ ከ400,000 የሚበልጡ መንገደኞችን አመላለሰ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ቲኬት አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ ሥራውን የሚያጓትት ሆነ፤ ሒሳቡንም ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኘለት ቶማስ ኤድመንድሰን የተባለ የላንካስተር ተወላጅ ነው። በመጀመሪያ የዕቃ ቤት አናጢ ነበር። ንግዱ ከከሰረበት በኋላ በ1836 በኒውካስልና በካርላይል የምድር ባቡር ሚልተን በተባለች ትንሽ ጣቢያ ሹም ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም መነሻውና መድረሻው አስቀድሞ የታተመበት፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ትንሽ የካርቶን ቲኬት አዘጋጀ። ቁጥሩ ከ0000 እስከ 9999 ስለሚደርስ ጸሐፊው በቀኑ መጨረሻ የቀረውን ቲኬት ቁጥር አይቶ የተሸጠውን ሁሉ ወዲያው ያውቃል። በ1839 ኤድመንድሰን ወደ ማንቸስተርና ሊድስ ኩባንያ ተዛወረ። ፈጠራውን ለሚጠቀም ኩባንያ ሁሉ በየማይሉ በዓመት 10 ሺሊንግ ያስከፍል ነበር። ይህ ቲኬት በብዙ የዓለም ክፍል ተሠራጭቶ፣ በእንግሊዝ የመንግሥት ምድር ባቡር ዘንድ እስከ 1990 ድረስ አገልግሏል።

ለያዝነው ጥያቄ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ከቲኬቱ ጋር አብሮ የሚሠራው ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ በሽያጭ ጊዜ በካርቶኑ ጫፍ ላይ ቀኑን ይመታል፤ ሰዓቱን ግን አይመታም። ስለዚህ በተራው ቲኬት ላይ የተጻፈው መነሻ፣ መድረሻ፣ ማዕረግ፣ ዋጋና ቀን ሲሆን፣ የባቡሩ ስም ወይም የመነሻው ሰዓት ከላዩ ጠፋ። መሣሪያው የተፈለገው ሒሳብ እንዳይሰረቅ ነበር እንጂ ለመንገደኛው ነጻነት ታስቦ አልነበረም። ውጤቱ ግን ነጻነት ሆነ። የጧቱ ባቡር ያመለጠው ሰው ያንኑ ካርቶን ይዞ በቀጣዩ ባቡር ቢሳፈር፣ ተቆጣጣሪው ሊነቅፈው የሚችልበት ጽሑፍ በቲኬቱ ላይ የለም። በ1842 ደግሞ የኩባንያዎች የጋራ ሒሳብ ማጣሪያ ቤት ሲቋቋም፣ በአንዱ ኩባንያ የተሸጠ ቲኬት በሌላው መሥመር ላይም የሚሠራ ሆነ። በሦስትና በአራት ኩባንያ መሥመር ለሚያልፍ ሰው እያንዳንዱን ባቡር በቲኬቱ ላይ መወሰን የማይመች ስለነበረ፣ ይህም ለተፈታው ቲኬት ተጨማሪ ድጋፍ ሆነለት።

፪. ነጻነቱ ለማን ነበር?

ከዚህ በላይ የተገለጸው ነጻነት ግን ለሁሉ እኩል አልተሰጠም። በ1844 የወጣው የእንግሊዝ የምድር ባቡር ሕግ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ባቡር በእያንዳንዱ አቅጣጫ በየጣቢያው እያቆመ፣ በሰዓት ከ12 ማይል በማያንስ ፍጥነት፣ ከዝናብ በተከለለ ፉርጎ፣ በማይል አንድ ፔኒ እንዲያጓጉዝ አዘዘ። ሕጉ ለድኻው ትልቅ ርዳታ ነው። ነገር ግን በአንድ ፔኒ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ኩባንያው በመረጠው ሰዓት መነሣት አለበት፤ ብዙ ጊዜም ሰዓቱ የማይመች ነበር። በማይል አንድ ፔኒ የሚከፈልበት ባቡር ካመለጠው፣ ወይ የሁለተኛ ማዕረግ ዋጋ ይከፍላል፣ ወይ እስከ ነገ ይጠብቃል። ስለዚህ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ቀኑን ሲገዛ፣ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ አንድ ሰዓት ብቻ ይገዛ ነበር ለማለት ይቻላል።

የሽርሽር ቲኬትም እንዲሁ ነበር። ቶማስ ኩክ በ1841 ከሌስተር ወደ ሎፍቦሮ ወደ 500 የሚጠጉ የመጠጥ ተቃዋሚዎችን ለደርሶ መልስ አንድ ሺሊንግ አስከፍሎ ወሰደ። ዋጋው የረከሰው ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ባቡር አብረው ሄደው አብረው ስለተመለሱ ነው። ከዚያም በኋላ የተስፋፋው የሽርሽር ቲኬት ለተነገረው ባቡር ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ቀረ።

ይህ ልዩነት በተራው ቲኬት ላይ መፍረስ የጀመረው በ1872 ነው። ጄምስ ኦልፖርት ያስተዳድረው የነበረው የሚድላንድ ኩባንያ በዚያ ዓመት በባቡሮቹ ሁሉ ላይ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞችን መቀበል ጀመረ፤ በ1875ም ሁለተኛውን ማዕረግ ጨርሶ ሰረዘ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ቢያጉረመርሙም ቀስ በቀስ ተከተሉት። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስለ ወንበር ምቾትና ስለ ፍጥነት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሠራተኛው በቲኬቱ የመዘግየትን መብት አገኘ። የታመመ ልጅ ያለው ወይም አሠሪው ያዘገየው ሰው፣ በመዘግየቱ ሁለተኛ ጊዜ እንዲከፍል አይገደድም።

፫. በጀርባው የተጻፈው

በ1930 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሽርሽር ቲኬትን ጠባይ በግልጽ እናያለን። ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት በሽርሽር ቲኬት ስትጓዝ ከባቡር ስትወርድ ጉዳት ደረሰባት። በቲኬቱ ፊት «ውሉን በጀርባው ተመልከት» የሚል ነበረ፤ ጀርባው ደግሞ ወደ ኩባንያው የሰዓት ደብተር ይመራል፤ ደብተሩም በ6 ፔንስ የሚሸጥ ነበር። ኩባንያው በጉዳት እንደማይጠየቅ የሚገልጸው ቃል የሚገኘው በዚያ ደብተር ውስጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ሴትየዋ ማንበብ ባትችልም በውሉ ታስራለች ሲል ፈረደ።

ይህ ፍርድ ስለ ጉዳት እንጂ ስለ መነሻ ሰዓት አይደለም። ሆኖም የረከሰ ቲኬት ከባድ ውል የሚያስከትል መሆኑን፣ ውሉም ገዢው በማያየው ስፍራ ሊቀመጥ እንደሚችል ያስረዳል። ቲኬት ከሰዓት ጋር ሲታሰርም ክርክሩ የሚነሣው ከዚሁ ሥር ነው። መንገደኛው ማሰሪያውን ዐውቆ ገዝቷልን?

፬. እንደገና መታሰር

ሁለተኛው መታሰር የመጣው ከአየር መንገድ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1978 የአየር መንገድን የዋጋ ቁጥጥር ካነሡ በኋላ፣ ኩባንያዎቹ አንዱን ወንበር እንደ ገዢው ጊዜና ችኮላ በልዩ ልዩ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። አስቀድሞ የሚገዛና በኋላ የማይለውጥ ርካሽ ያገኛል፤ ሊለውጥ የሚፈልግ ብዙ ይከፍላል። ፈረንሳይ በ1981 በፓሪስና በሊዮን መካከል ፈጣኑን ባቡር ስትጀምር መንገደኛው አስቀድሞ ወንበር እንዲይዝ ግድ ሆነ። በ1993 ደግሞ የፈረንሳይ ምድር ባቡር ከአሜሪካ አየር መንገድ የሽያጭ ዘዴ የተወሰደውን «ሶክራት» የተባለ የኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ሥራ ላይ አዋለ። ይህ ለውጥ በሕዝቡ ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነሣ፤ ፈረንሳውያን ባቡርን የሚያውቁት በኪሎ ሜትር ልክ እንደሚከፈልበት የሕዝብ አገልግሎት ነበርና።

በእንግሊዝ አገርም ዛሬ ሁለት ዐይነት ቲኬት ጎን ለጎን ይሸጣል። አንዱ በቀኑ ውስጥ በፈለጉት ባቡር የሚያስኬድ ውድ ቲኬት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የሚገዛ፣ በላዩ ላይ የተጻፈውን ባቡር ብቻ የሚያሳፍር ርካሽ ቲኬት ነው። የጧቱን ባቡር በራሱ ጥፋት ያመለጠው የርካሹ ባለቤት ሌላ ቲኬት ይገዛል። ከ1844ቱ ባቡር ጋር ስናስተያየው ፉርጎውና ፍጥነቱ ተለውጧል፤ በሰዓት የመታሰሩ ነገር ግን ያው ነው።

፭. የኩባንያው መልስና መካከለኛው መንገድ

የኩባንያዎቹንም ክርክር ሳንሰማ ልንፈርድ አይገባንም። ባዶ ሆኖ የሄደ ወንበር እንደ እህል በጎተራ ተቀምጦ ነገ አይሸጥም። መንገደኞች ሁሉ በአንድ ሰዓት ቢመጡ ባቡሩ ሞልቶ ይቸገራል፤ በሌላው ሰዓት ባዶ ይሄዳል። አንዱን መንገደኛ በዋጋ ቅናሽ ወደ ባዶው ባቡር መሳብ ለሁለቱም ይጠቅማል። ጊዜ ኖሮት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ያለዚህ ቅናሽ ከቤቱ ባልተነሣም ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያስረዳው ቅናሹን እንጂ የቅጣቱን ክብደት አይደለም። ቀጣዩ ባቡር ባዶ ወንበር እያለው የዘገየውን ሰው ሙሉ ዋጋ ማስከፈል፣ ስፍራን ከማከፋፈል አልፎ መዘግየትን መሸጥ ይሆናል።

መካከለኛ መንገድ መኖሩን ጃፓን ታሳየናለች። በ1964 በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራ በጀመረው ፈጣን ባቡር፣ የተያዘለት ባቡር ያመለጠው ሰው በዚያው ቀን በኋላ በሚነሣ ባቡር፣ ወንበር አስቀድሞ በማይያዝበት ፉርጎ ተጨማሪ ሳይከፍል የሚሳፈርበት ደንብ አለ። የወንበር መብቱን ያጣል፤ የመንገድ መብቱ ግን ይቀርለታል። በመግቢያችን የለየናቸውን ሁለቱን ነገሮች ይህ ደንብ በሥራ ለይቶ አሳይቷል።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ጥፋቱን ተመልክቷል። መንገደኛው ከ60 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ የሚደርስ መሆኑ ሲታወቅ፣ ገንዘቡን ለመቀበል ወይም ጉዞውን ለመቀጠል ይመርጣል፤ ሲያሻውም ለእርሱ በሚመች በሌላ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ የዘገየው ኩባንያው ሲሆን ማሰሪያው ይፈታል። የዘገየው መንገደኛው ሲሆን ግን ነገሩ ለኩባንያው ፈቃድ ተትቷል።

፮. በአገራችን

የአገራችን ታሪክ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠናል። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917፣ ማለት በ1909 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። እንዲህ ባለ መሥመር ላይ «በቀጣዩ ባቡር ትሄዳለህ» የሚለው ፈቃድ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ቀጣዩ ባቡር ከቀናት በኋላ ከሆነ የመኝታውና የስንቁ ወጪ ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላልና። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የመንገደኛ ጉዞዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ያው ጥያቄ አብሮት መጣ። ከዚህ የምንረዳው የቲኬት ነጻነት በደንብ ላይ ብቻ ሳይሆን በባቡሮቹም ብዛት ላይ የሚመሠረት መሆኑን ነው።

መደምደሚያ

እስካሁን ከተመለከትነው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቲኬት ከሰዓት ጋር መታሰሩ የባቡር ባሕርይ ያመጣው ግዴታ አይደለም፤ አንድ የከሰረ አናጢ በሠራው የቀን መምቻ ሊፈታ ችሏል። ሁለተኛ፣ ማሰሪያው በተፈታም በታሰረም ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው ርካሹን ቲኬት የገዛው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ የወንበር መብትንና የመንገድ መብትን ለይቶ መጠበቅ እንደሚቻል በሥራ ታይቷል። ወደፊት በአገራችን የባቡር ደንብ የሚጽፉ ሰዎች የሚዘገየው መንገደኛ ማን እንደሆነ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው ሰነፉ ሳይሆን፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣውና በጊዜው ላይ ሥልጣን የሌለው ነው።