የትምህርት ቤት ክብ ማኅተም
ጎማና እንጨት፤ አማራ ክልል

የተማሪ ካርድም ሆነ ትራንስክሪፕት፣ መሸኛ ደብዳቤም ቢሆን ይህ ክብ ካላረፈበት ተቀባይ የለውም። ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር በማኅተም ዙሪያ የሚጻፉት የአስተዳደር ስሞች ትምህርት ቤቱ ለማን ተጠሪ እንደሆነ ይናገራሉ። የአገሪቱ አከላለል ሲለወጥ ማኅተሙም እንደ አዲስ ይቀረጻል።

በንጉሡ ዘመን የጎጃምም ሆነ የወሎ ትምህርት ቤቶች በጠቅላይ ግዛትና በአውራጃ ሥር ነበሩ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ገቢ ሆነ። ደርግ ጠቅላይ ግዛትን በክፍለ ሀገር ተካ፤ የግል ትምህርት ቤቶችንም ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥልጣኑን ወደ ክልል፣ ዞንና ወረዳ አወረደ።

ዛሬ ባሕር ዳር ያለው ትምህርት ቢሮ የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍትን ያዘጋጃል፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ይመራል። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ያስተባብራል፣ ይከታተላል። መምህር የሚመድበው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደመወዙም ከወረዳው በጀት ይወጣል። ከዚያ በታች የሚቀራረቡ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ማዕከል ይሰባሰባሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም እየዞረ መምህራንን ይደግፋል። በትምህርት ቤቱ ደረጃ ርእሰ መምህሩ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጋር ይሠራል። ለመማሪያ ክፍል ግንባታ ገንዘብ፣ ድንጋይና ጉልበት ከአካባቢው ሕዝብ የሚሰባሰበውም በዚሁ ኅብረት በኩል ነው።