የወተት ጥርስ መንቀልና የሕፃናት ተቅማጥ፤ አጭር የታሪክ ቅኝት

ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ሲነገር የሴት ልጅ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ሰፊ ቦታ ይሰጣቸዋል። የወተት ጥርስ መንቀል ግን ብዙውን ጊዜ ከእንጥል መቁረጥ ጋር ስሙ ብቻ ተጠርቶ ይታለፋል። ድርጊቱ የሚፈጸመው ገና መናገር በማይችል ሕፃን ላይ ሲሆን፣ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ጭምር የሚታይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ የተመሠረተበትን እምነት ታሪክ በአጭሩ መቃኘትና ለጤና ባለሙያው የሚያስተላልፈውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ድርጊቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው ከአራት እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ሕፃኑን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰውና ሲያስመልሰው ቤተሰቡ ድዱን ይመለከታል። ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። ይህ እብጠት የሕመሙ ሁሉ መንስኤ እንደሆነ ይታመንና ሕፃኑ ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ሌላ የልማድ ሐኪም ይወሰዳል። እርሱም ያለማደንዘዣ፣ በሹል ብረት ወይም በሌላ ስለታም ነገር ድዱን ሰንጥቆ ገና ያልጠነከረውን የጥርስ እምቡጥ ፈልቅቆ ያወጣል። የወጣው ነገር ለስላሳና ነጭ በመሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቦታዎች እንደ ትል ተቆጥሯል።

እምነቱ ከምንም የመነጨ አይደለም። ሕፃን ጥርስ ማብቀል የሚጀምረው በስድስተኛው ወር አካባቢ ነው። ተጨማሪ ምግብ የሚጀምረው፣ መሬት ላይ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባው፣ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ የሚቀንሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለሆነም ጥርስና ተቅማጥ በአንድ ወቅት ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልድም። እናት ያየችው እውነት ነው፤ ስህተቱ የምክንያቱ አተረጓጎም ላይ ነው።

ይህ ስህተት የእኛ አካባቢ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በስምንት ወሩ የሞተ የአንድ መስፍን ልጅ አስከሬን መርምሮ ሌላ ምክንያት ሲያጣ ድዱን ሰነጠቀ፤ ሊወጡ የተቃረቡ ጥርሶችንም በማግኘቱ ድዱ ቀደም ብሎ ቢሰነጠቅ ኖሮ ልጁ ይድን እንደነበር ደመደመ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታዋቂው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተርም ድድ መሰንጠቅን ይደግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝና በዌልስ 5,016 ሞቶች በጥርስ ማብቀል ምክንያት የደረሱ ተብለው ተመዝግበዋል። ለጥርስ ማብቀያ ይሰጥ የነበረው ሜርኩሪ ያለበት ዱቄት ደግሞ ብዙ ሕፃናትን መርዟል፤ በብሪታንያ ከገበያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በእነዚያ አገሮች የሕፃናት ጥርስ አበቃቀል ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። የተለወጡት ውሃቸው፣ ወተታቸውና የሐኪሞቻቸው ዕውቀት ናቸው። «በጥርስ የሞተ» የሚባል ሕፃን የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የሚደረገውን የክራንቻ እምቡጥ መንቀል በሕክምና ጽሑፍ ቀደም ብለው ከዘገቡት አንዱ ዴንማርካዊው ፒንድቦርግ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በኡጋንዳ ያዩትን አሳትመዋል። በታንዛኒያ እምቡጡ «የናይሎን ጥርስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ልማዱ ከሰዎች ጋር ድንበር ተሻግሯል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የወተት ክራንቻ እምቡጥ መነቀልንና ተያያዥ የጥርስ ጉድለቶችን ገልጿል። ልማዱን የማያውቅ የጥርስ ሐኪም እንዲህ ዓይነቱን ሕፃን ሲያይ ጥርሱ ከተፈጥሮ የጎደለ ሊመስለው ይችላል።

ጉዳቱ ሁለት ገጽታ አለው። የመጀመሪያው ወዲያው የሚደርሰው መድማት፣ የቁስል መመረዝ፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፤ በዚህ መሐል በተቅማጥ የሰውነት ፈሳሹ የሚያልቅ ሕፃን ሕክምና የሚያገኝበት ጊዜ ይባክናል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚታየው ነው። የቋሚው ክራንቻ እምቡጥ የሚያድገው ከወተት ክራንቻው ሥር ተጠግቶ ስለሆነ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ቋሚው ጥርስ ኢናሜሉ የተበላሸ ሆኖ ወይም ከቦታው ርቆ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። የወተት ክራንቻ እስከ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ለተተኪው ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ሲጠፋ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ የጥርስ አሰላለፍም ይዛባል።

በአገራችን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ተቋቁሞ የወተት ጥርስ መንቀልን በትኩረት ነጥቦቹ ውስጥ አካቶ ሠርቷል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 በነፍሰ ጡሮችና በሕፃናት ሕይወት ላይ አደጋ የሚያደርሱ ልማዳዊ ድርጊቶችን ሲዘረዝር እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ጠቅሷል። ይሁን እንጂ ልጇ በተቅማጥ የሚሞትባት እናት ሌላ አማራጭ ካላገኘች ሕጉ ብቻውን ከወጌሻው ደጅ አይመልሳትም።

የአውሮፓ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። እምነቱ የተዳከመው በተግሣጽ ብቻ ሳይሆን ተቅማጡ ራሱ ሲቀንስ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ፣ እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የሮታ ቫይረስ ክትባት ይህንኑ መንገድ ይከፍታሉ። የጤና ባለሙያውም የበኩሉን ሊያደርግ ይገባል። ሕፃኑ ለክትባት ሲመጣ ድዱን ለእናቱ አሳይቶ፣ ነጣ ያለው እብጠት ጤነኛ ጥርስ መሆኑን፣ ልጇን ሲያስቀምጠውም ጡት ማጥባቷን ሳታቋርጥ ኦ.አር.ኤስ እንድትሰጠውና ወደ ጤና ተቋም እንድታመጣው አስቀድሞ ይንገራት። ጥርሱ የተነቀለበት ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ ወላጆችን ከመውቀስ ይልቅ ቋሚ ክራንቻው እስኪወጣ ድረስ በጥርስ ሐኪም ክትትል እንዲደረግለት ማድረግ፣ ለሚቀጥለው ሕፃንም ወላጆቹን አስቀድሞ ማስተማር ይጠቅማል።