የዓርብ ከሰዓት ባቅላቫ

ስለ ማኅበራችን ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው የሊቀመንበሮቹ ስም፣ የልጆቻችን ትምህርት ጉዳይ፣ የአዲስ ዓመት በዓል አከባበርና ለሞተ ወገን አስከሬን መላኪያ የተዋጣው ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ በዚህ መጽሔት ሌሎች ገጾችም ላይ ሰፍሮ ይገኛል። እኛ ግን በቃለ ጉባኤ ተይዞ ስለማያውቅ አንድ ነገር ልንጽፍ ወደድን። እርሱም በካርቱም ከተማ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኪሮሽ ለመሥራት በሚሰበሰቡ እናቶቻችንና እህቶቻችን መካከል ሲሸጥ ስለኖረው የቤት ባቅላቫ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ፣ በካርቱም እንደለመድነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ነው። በሰው ቤት የሚሠሩትም፣ በምግብ ቤት የሚያገለግሉትም፣ የቢሮ ሠራተኞችም ትንፋሽ የሚያገኙት ያን ዕለት ነው። በዴም፣ በጅሬፍና በሰሃፋ ሠፈሮች ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር አንገረብ ይወጣል፤ ክርና ኪሮሽ ከከረጢት ይወጣሉ፤ ጀበና ይጣዳል። የጠረጴዛ ልብስ፣ የሶፋ ልብስ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛ፣ ለሙሽራ የሚሆን የአልጋ ልብስ ሳይቀር ተሠርቷል። ከእነዚህ ዳንቴሎች አብዛኞቹ ለገበያ አልዋሉም። ሥራው ለፍቅሩ ነበርና አንዷ አዲስ አበባ ከተላከላት ዳንቴል ላይ አዲስ አበባ (የክሩን አበባ ማለታችን ነው) ቆጥራ ስታወጣ ሌሎቹ በዙሪያዋ ተኮልኩለው ይማሩ ነበር። ባቅላቫው የገባው እዚህ መካከል ነው። ቡና ያለ ቁርስ አይጠጣምና!

ባቅላቫ የእኛ ምግብ አይደለም። ከኦቶማን ዓለም የመጣ ነው። በኢስታንቡል በረመዳን አጋማሽ ከሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ለጦር ሠራዊቱ ለአሥር ሰው አንድ ትሪ ሒሳብ ባቅላቫ ይታደል እንደነበር የታወቀ ነው። የመሐመድ ዓሊ ጦር ከግብፅ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1820 እና 1821 ወደ ሱዳን ዘመተ። ከዚያ በኋላ በነበረው የቱርክ ግብፅ አገዛዝ ዘመን ብዙ የቱርክ ነገር በአባይ ዳር ሥር ሰደደ። ሱዳኖች ባቅላቫን «ባስታ» ይሉታል። የእኛ ሴቶችም ሙያውን ያገኙት ከጎረቤት ሐቦባዎች ነው፤ ለኢድ ከዓክና ባስታ ሲዘጋጅ አብረው እያቦኩ፣ አብረው እየዳመጡ።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ለሚበላው ብቻ ነው። ሊጡ በደንብ ታሽቶ ይረፍና እንደ እንቁላል እየተድቦለቦለ ይከፋፈላል። ከዚያ ስታርች እየተነሰነሰበት በቀጭን መዳመጫ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ አበባ እስኪታይ ድረስ መሳሳት አለበት። በካርቱም ትልቁ ጠላት አየሩ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የተዘረጋው ሊጥ በእርጥብ ጨርቅ ካልተሸፈነ ወዲያው እንደ ወረቀት ይሰባበራል። ሀቡብ የተነሣ ቀንማ ነገሩ ሁሉ አሸዋ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሌሊት ይሠሩ ነበር፤ መስኮት ዘግተው፣ ማራገቢያውን አጥፍተው፣ በላብ ተጠምቀው። ከየንጣፉ መካከል የቀለጠ ቅቤ ይቀባል። በመጽሐፍ የሚታዘዘው ፒስታሽዮ ወይም ዋልነት ነው፤ የእኛዎቹ ግን ያደርጉት የነበረው የሱዳን ለውዝ ነው። ዐረቦች ለውዝን ራሱን «የሱዳን ባቄላ» ብለው ይጠሩታልና ከአገሩ ምን የተሻለ ይገኛል? እኛን ብትጠይቁን ከፒስታሽዮው ይልቅ በደንብ የተቆላው የኮርዶፋን ለውዝ ይጥመናል።

ሳይጋገር መቆረጥ አለበት፤ ከተጋገረ በኋላ ቢላ ቢነካው ይፈራርሳል። ትሪው በራስ ተሸክሞ ወደ ሠፈሩ ፉርን ይሄዳል። (የእኛ «ፉርኖ» እና የእነርሱ «ፉርን» ከአንድ የላቲን ሥር የመጡ ቃላት ናቸው።) ዳቦ ጋጋሪው የዕለቱን ዳቦ ጨርሶ የምድጃው እሳት በረድ ሲል ለትሪው ቦታ ይሰጣል። ትኩሱ ላይ የቀዘቀዘ የስኳር ሽሮፕ ሲፈስበት የሚሰማው ጩኸት፣ በዚያ ዘመን ልጅ የነበርን ሁሉ የምናውቀው ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህን ያህል የተደከመበት ነገር ለምን ገበያ ወጥቶ አልተሸጠም? ለምንስ ለክርና ለኪሮሽ ጓደኞች ብቻ ተሸጠ?

መልሱ ከሱዳን ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጁ፤ የመጠጥ ጠርሙስ ሁሉ አባይ ውስጥ ተደፋ። ጠላና አረቄ ጠምቀው ልጆች ያሳድጉ የነበሩ ሴቶች ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃቸው ግርፋትና እስራት ሆነ። ለብዙዎች የቀረው በየመንገዱ ሻይና ቡና መሸጥ ነበር። እርሱም ቢሆን ሰላም አልነበረውም። «ከሻ» የሚባለው አፈሳ በመጣ ቁጥር ጀበናው፣ ስኒው፣ በርጩማው በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ለማስመለስ መቀጮ አለ፤ መኖሪያ ፈቃድ ለሌላት ደግሞ ከዚያ የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በካርቱም የወጣው የሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሴቷን አለባበስና መንገድ ላይ መዋሏን ጭምር ለፖሊስ ፈቃድ ተወው። እስከተሻረበት እስከ ኅዳር 2019 ድረስ ይህ ሕግ በእኛም ሴቶች ላይ ሲሠራ ኖሯል። የሱዳን ሻይ ሻጮች ራሳቸው ችግሩን ያውቁት ነበር፤ ዓወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የተባሉት ሴት የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅተው ለዓመታት ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ በግቢ ውስጥ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ ከክሩ ከረጢት ጋር አብሮ የሚመጣ ትሪ ከሻ አያገኘውም። እንግዳ የሚያየው ኪሮሽ የሚሠሩ ሴቶችን ነው። ለዚህ ነው ንግዱ በወዳጅ መካከል የቀረው።

ነገር ግን ለወዳጅ መሸጥ የራሱ ጣጣ አለው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለና። ጓደኛን «ይህን ያህል አምጪ» ማለት ከባድ ነው፤ ገዢዋም «ተወደደ» ማለት ያሳፍራታል። በመጀመሪያው ጊዜ ሻጮቹ ዋጋ ሳይጠሩ ትሪውን መሐል ያስቀምጡ፣ ሰውም እንደ ወደደው ጨርቁ ሥር ሳንቲም ይጥል ነበር። ይህ አልዘለቀም። አንዳንዷ ሦስት በልታ የአንድ ትከፍላለች፤ ሌላዋ አንድ ቀምሳ የአምስት ትከፍልና በሚቀጥለው ዓርብ ትቀራለች። በኋላ አንዲት አስተዋይ እናት መፍትሔ አመጡ፦ ለቡና የሚቀርበው የመጀመሪያው ትሪ እንደ ጀበናው የጋራ ይሁን፣ ወደ ቤት የሚወሰደው ግን በቁራጭ ይቆጠርና ደብተር ላይ ይጻፍ።

«እትዬ፣ የእኔ ስንት ደረሰ?»

«አንቺማ ተይው፣ ለፋሲካ እንተሳሰባለን።»

የዱቤ ደብተሩ ለታሪክ ጸሐፊ ጥሩ ምስክር ነው። በፓውንድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናር ሲመጣ አሥሩ ፓውንድ አንድ ዲናር ይሆናል። በ2007 መቶው ዲናር ተመልሶ አንድ ፓውንድ ይሆናል። ሰዉ ግን በአፉ የድሮውን መቁጠር አልተወምና አንዱን አዲስ ፓውንድ «አልፍ»፣ ማለት ሺህ፣ ይለው ነበር። በአንድ ደብተር ላይ አንዷ በሺህ፣ አንዷ በአንድ ተጽፋ ዕዳቸው እኩል ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ጠብ ተነሥቶ ያውቃል፤ በሽማግሌም ታርቋል።

ከዚህ ገንዘብ ምን ተሠራ? ብዙው በሰንዱቅ ገባ፤ እኛ እቁብ የምንለው ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከገዳሪፍ ካምፕ ወንድምን ማስመጫ፣ አዲስ አበባ ላለች እናት መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ በካርቱም ላይ ወርዶ የጭቃ ቤቶችን ሲያፈርስ፣ በባቅላቫ ገንዘብ ጣሪያ ያለበሱ ቤተሰቦች ነበሩ። በ2018 መጨረሻ ዳቦ ከአንድ ወደ ሦስት ፓውንድ ወጥቶ ተቃውሞው ከአትባራ ሲቀጣጠል ደግሞ ዱቄት ጠፋ፤ ፉርኑ ፊት ሌሊት በሚቆም ሰልፍ መሐል ጣፋጭ ለመጋገር ትሪ ይዞ መቅረብ ነውር ሆነ። ለወራት ሥራው ቆሞ ኪሮሹ ብቻ ቀጠለ።

በጾም ወራት ቅቤው ቀርቶ በዘይት ይሠራ ነበር። የዘይቱ ሰባራ ነው፣ አይጠቀለልም ብለው የሚያማርሩ ነበሩ፤ እውነትም የቅቤው ይሻላል። ስለዚህ ትልቁ ሽያጭ የሚውለው ለፍስክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን፣ ኢድ አልፈጥር ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ ዋሉ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ትእዛዝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተደራረበ፤ ቅቤና ለውዝ አስቀድሞ ተገዛ። ስቅለት ዓርብ ስለሆነ የዚያን ሳምንት ኪሮሽ አልነበረም። ሊጡ የተቦካው ከስግደት መልስ ሌሊቱን ነው። ቅዳም ሥዑር ጠዋት፣ ሚያዝያ 15፣ በከተማው ተኩስ ተከፈተ። ወደ ፉርን የሚወስደው መንገድ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችን በገዳሪፍ አድርገን በገላባት መተማ ገባን፤ አንዳንዶቻችን ወደ ወድ መደኒ ሄድንና እርሱም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሲያዝ ሁለተኛ ተሰደድን፤ ካይሮ የደረስንም፣ ፖርት ሱዳን የቀረንም አለን። ትሪዎቹና መዳመጫዎቹ እዚያው ቀሩ። ሠራዊቱ ከተማዋን በመጋቢት 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ ቤታቸውን ሄደው ያዩ ጥቂቶች በሩም መስኮቱም እንደተነቀለ ነግረውናል።

ደብተሩ ግን ወጥቷል። ከፓስፖርትና ከክር ከረጢት ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ መተማን አለፈ። አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ባለቤቷ ባቅላቫዋን በባቢሌ ለውዝ ትሠራለች፤ ለውዙ ከኮርዶፋኑ ደቀቅ ይላል ብላ ብታማርርም ለውጡን የሚለይላት የለም። ለዚያ ፋሲካና ኢድ የታዘዘው ዝርዝር በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዳለ ነው። ቀብድ የከፈሉት በስማቸው አጠገብ ምልክት አለባቸው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስትጠይቋት «ቀብዱን የሰጣችሁ ኑና ባቅላቫችሁን ውሰዱ በሉልኝ» ብላለችና እነሆ ብለናል።