የድረ ገጽ መጠባበቂያ ቅጂ (በማሻሻያ ወቅት)

ሶፍትዌር ከመሻሻሉ በፊት የድረ ገጹ ፋይሎችና ዳታቤዝ ተገልብጠው የሚቀመጡበት ቅጂ ነው። ሆኖም ቅጂ መያዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ሲሠራ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የሶፍትዌር ኮድ ማስተናገጃ አገልግሎት የሆነው የጊትላብ አንድ ባለሙያ ከዋናው የዳታቤዝ ሰርቨር 300 ጊጋባይት ያህል ዳታ በስህተት ሰረዘ። ዕለታዊው ቅጂ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ነበር፤ ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 ስሪት ሆኖ ሳለ ቅጂ አውጪው ፕሮግራም የ9.2 ስሪት ስለነበር ሥራውን ያቋርጥ ነበር። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ተቀባይ ጋ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ጊትላብን ያተረፈው ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድል እንጂ ዝግጅት አይባልም።

ቅጂው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወርም እንዲሁ ድምፅ ሳያሰማ ሊበላሽ ይችላል። በፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ የጽሑፍ ስልት የተላከ ፎቶ የመስመር መጨረሻ ምልክቶቹ ስለሚለወጡ አይከፈትም። በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ እያንዳንዳቸው 3 ባይት የሚይዙት የግእዝ ፊደላት የግእዝ ፊደል ወደሌለው ላቲን-1 ኮድ ሲገለበጡ «????» ሆነው ይቀራሉ፤ ከዚህ ፋይል ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ለትንሽ ድረ ገጽ ቅጂውን መልሶ የመጫን ሙከራ ውድ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የትንሽ ድረ ገጽ ዳታ ራሱ ትንሽ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ መልሶ ጭኖ ጥቂት የአማርኛ ገጾችንና ፎቶዎችን ከፍቶ ማየት ይቻላል።