እቴጌ ሆቴልና የእንግዳ ወግ

በአዲስ አበባ ከተማ መካከል፤ በአራዳ ሠፈር፤ ቀድሞ እቴጌ ሆቴል ይባል በነበረው ዛሬ ጣይቱ ሆቴል በሚባለው ቤት አንዲት ሌሊት ለማደር ያሰብነው ምቾት ፈልገን አይደለም፤ ለምቾትስ ከርሱ የሚበልጡ ብዙ አሉ። ነገር ግን በመዲናችን እንግዳ ሒሳብ ከፍሎ የማደር ልማድ የተጀመረበትን ቤት ለማየት ስለ ወደድን ነው። ሰፊውን የእንጨት ደረጃ ወጥተን ጣሪያው ከራቀ ክፍል ገባን። ወለሉ ሳንቃ ስለ ሆነ በተራመድን ቍጥር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ጎረቤታችን በሌሊት ሲነሣም እንሰማ ነበር።

ቤቱን በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ከተማይቱ ከተቈረቈረች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ባቡርም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ስለ ነበር ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ በዛ። ይህን ሁሉ እንግዳ ወዴት ያሳድሩት?

እስከዚያ ድረስ መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። የንጉሥ እንግዳ ሲሆን ግን ድርጎ ይታዘዝለትና ባለፈበት አገር ሁሉ እንጀራው፤ ጠጁ፤ በጉ ይቀርብለታል። ይህን ለጋስነት የጕዞ ጸሐፊዎች ሲያመሰግኑት እናነባለን። እኛም አንነቅፈውም፤ ዳሩ ግን ድርጎው ከማን ጎተራ ይወጣ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል። ከባላገሩ ነበር። እንግዳው በነጻ በላሁ ብሎ ሲሄድ ዋጋውን ስሙን የማያውቀው ገበሬ ከፍሎለታል።

እንግዲህ የእቴጌይቱን ሥራ በዚህ በኩል ስንመለከተው የበላ ራሱ ይክፈል የሚል ፍርድ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን አስበው አድርገውታል ብለን አንከራከርም፤ ድርጎም ወዲያው አልቀረም።

በጊዜው ሰው ዓይን ግን እንጀራን መሸጥም ገዝቶ መብላትም ነውር ነበረ። ሽማግሌዎች ሲያወሩት እንደሚሰማው ቤቱ በተከፈተ ሰሞን ደፍሮ የሚገባ ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉና ሒሳቡን ከፍለው አሳዩ ይባላል። ወሬው በየአፉ ሳያጌጥ አልቀረም፤ ቢሆንም የዘመኑን ሰው ልብ በደንብ ይገልጣል። ምግብ የሚሸጠው ቤት በእቴጌ ስም መጠራቱም ነውሩን ሳያቀለው አልቀረም።

እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ሆቴላቸው ግን ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ብዙ መንግሥት አየ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ እጅግ ጐዳው፤ ኋላም ታደሰ። በመብራት አጐንብሰን የትኛው ሳንቃ የቀድሞ፤ የትኛው የአሁን እንደ ሆነ ለመለየት ብንሞክር አልቻልንም።

ሲነጋ ወርደን ሒሳባችንን ጠየቅን፤ ከፍለንም ደረሰኛችንን ተቀበልን።