የጉበት ንቅለ ተከላ
ሥራውን ያቆመ ጉበት ወጥቶ በለጋሽ ጉበት የሚተካበት ቀዶ ሕክምና። ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያውን አከናወነ፤ ውጤቱ የተሻሻለው ግን በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ሰውነት የተተከለለትን ጉበት እንዳይገፋ ማድረግ ሲችል ነው። ጉበት መልሶ ስለሚያድግ በሕይወት ያለ ዘመድም ከፊሉን መለገስ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ ለጉበት ግን ታማሚዎች ወደ ሕንድ ወይም ቱርክ ይሄዳሉ። ለጌዴኦ ቡና አምራች ገበሬ ይህ የማይታሰብ ወጪ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ዲላ ሆስፒታል ለሚደርስ ሰው የሚደረገው ውሃውን በመርፌ መቅዳትና ሕመሙን ማስታገስ ነው። ስለዚህ ትልቁ ተስፋ መከላከል ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጉበትን ከሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ የሚከላከለውን ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ትሰጣለች።